ቤት ሳይጠየቅ የተሰረዘ ስም

ሥራዬን ካስረከብኩ ስምንት ወር ሆነኝ፤ እስካሁን አንድም ወንበር ከሥሬ አልሞቀም። ጠዋት ተነስቼ ጫማዬን አጠልቃለሁ፣ በሩ ድረስ እሄዳለሁ፣ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ባለቤቴ፣ "ሰውዬ፣ ጡረታ የወጣኸው ከሥራ ነው ከቤት?" ትለኛለች። የሚመልስላት እግሬ ነው። ወደ አምቦ መናኸሪያ ይወስደኛል። እዚያ ቆሜ ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከባኮ መኪና የሚወርዱ ተማሪዎችን እቆጥራለሁ። ስንቅ ያንጠለጠለው ስንት ነው፣ ባዶ እጁን የመጣው ስንት ነው፣ ሴቶቹ ስንት ናቸው። ቁጠር ያለኝ የለም።

ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የቀረውን ያስተማረኝ ገበያ ነው። ጊንጪ ላይ ጤፍ፣ ባኮ ላይ በቆሎ ስገዛ፣ አምቦ ላይ ስሸጥ ሃያ ዓመት ሄደ። በቆሎ በጥርስ ይፈተናል፤ ሲሰበር ድምፁ ካልጠራ እርጥብ ነው፣ መጋዘንህን ያሻግታል። ጤፍ ዘግነህ እፍ ስትልበት አቧራው ሁሉን ይነግርሃል። ወሬም እንደዚያው ነው ብዬ አምን ነበር። በገበያ ቀን አንድ ዋጋ ከሦስት ሰው አፍ ከሰማሁ እውነት ነው፤ አራተኛ አልጠይቅም። በዚህ ሕግ ሃያ ዓመት አልከሰርኩም። የከሰርኩት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፤ እሱን ልነግራችሁ ነው የተነሳሁት።

ትምህርት ቤቱን በስሙ አልጠራውም። ሕዝቡ አዋጥቶ የሠራው ትንሽ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ስምንት ክፍል፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ሙከራ ተደርጎበት የማያውቅ አንድ ቤተ ሙከራ። እኔ የወላጅ ኮሚቴ ነበርኩ። ጉልበቴ ከጆንያ ጋር መጣላት ሲጀምር ኮሚቴው፣ "ደምሴ፣ መዝገብ ቤት ግባ" አለኝ። "ስድስተኛ ክፍል ነኝ እኮ" አልኳቸው። "የተማረ ሰው አላጣንም፤ ልጆቹ የሚመጡበትን መንደር የሚያውቅ ሰው ነው ያጣነው" አሉኝ። ስለ ደመወዙ የማወራው የለኝም፤ እሱም ስለኔ አያወራም።

ማን ነበር እኛ ጋ የሚመጣው? መጀመሪያ የመሰለኝ የከተማው ልጅ ነው። ከተማው ግን ልጁን ወይ ወደ ትልቁ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ወይ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። የኛ ወንበር የሚሞላው ከገጠር መጥቶ፣ ሁለት ሦስት ሆኖ ቤት ተከራይቶ፣ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰቡ ሄዶ፣ እሑድ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ በሚመለስ ልጅ ነው። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የሚለያዩት በጾም ሰሞን ስንቃቸውን ሲፈቱ ብቻ ነው። በአፋን ኦሮሞ ይጫወታሉ፣ በአማርኛ ይከራከራሉ፣ በእንግሊዝኛ ይወድቃሉ። ዕድሜያቸውን ስትጠይቅ ደግሞ ሁሉም መስከረም አንድ የተወለዱ ናቸው። መዝገባችንን ያየ ሰው የምዕራብ ሸዋ እናት በሙሉ አዲስ ዓመት እየጠበቀች ታምጣለች ይላል።

መዝገብ ቤቱን ያስተማሩኝ ኦቦ ኢተፋ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪ ስም ሲጽፉ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ኮሚቴው ለምኖ ያመጣቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን ጴንጤ ሰው። ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ አለ። መጀመሪያ ቀን መዝገቡን ገልጬ ሳይ ስሞቹ በፊደል ተራ አልተጻፉም።

"ኦቦ ኢተፋ፣ ይሄ እንዴት ነው የተደረደረው?"

"በመንገድ።"

"በመንገድ ማለት?"

"ይሄ የጊንጪ መንገድ ነው። ይሄ የጉደር። ይሄ የባኮ። ይሄ ከተማ። ልጅ የሚቀረው በፊደል ተራ አይደለም፤ በመንገድ ነው።"

እውነታቸውን ነበር። በቆሎ ሲደርስ የባኮዎቹ ይቀራሉ። ቆይቶ ጤፍ ሲታጨድ የጊንጪዎቹ። መንገድ በተዘጋባቸው በእነዚያ መጥፎ ዓመታት ደግሞ አንድ ገጽ ሙሉ ባዶ ይሆናል፤ ገጹን አይቶ የቱ መንገድ እንደተዘጋ ማወቅ ይቻል ነበር፣ ሬዲዮ ሳይናገር። ቆጠራውም ቀን አለው። ሰኞ ብትቆጥር ሩቅ ያሉት ገና አልተመለሱም፤ ዓርብ ብትቆጥር ሄደዋል። ኦቦ ኢተፋ የሚቆጥሩት ረቡዕ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። በየክፍሉ በር ቆመው፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ በዓይናቸው። "ለትምህርት ቢሮ የሚላከው ቁጥር የረቡዕ ቁጥር ነው። የሰኞው ያስለቅስሃል፣ የምዝገባ ቀኑ ይዋሽሃል" ይሉኝ ነበር።

ስም የሚጽፉት በእርሳስ ነው። እስክሪብቶ ለተመረቀ ነው ይላሉ። አንድ ልጅ ሁለት ሳምንት ከቀረ ከስሙ ጎን በእርሳስ "ቤት አልተጠየቀም" ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ በእግራቸው ይሄዳሉ። የቤቱን ደጃፍ ሳይረግጡ የሰረዙት አንድ ስም አላየሁም። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ዞሬአለሁ፤ በጉደር በኩል፣ በጊንጪ በኩል፣ አንዴ እስከ ባኮ። አባትየው ሲያናግራቸው በትሕትና ይሰማሉ፣ ጥያቄያቸውን ግን የሚጠይቁት እናትየዋን ነው። "አባት ልጁ እንዲማር ይፈልጋል ወይ አይፈልግም። እናት ግን ስንቁን ማን እንደሚቋጥር ታውቃለች" ይሉኛል። ምግብ ሲቀርብላቸው "ጾም ነኝ" ብለው ውኃ ብቻ ይጠጣሉ።

አንድ ቀን መንገድ ላይ፣ "ኦቦ ኢተፋ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው። እኛ ኦርቶዶክሶቹ እንኳ አንጾምም። እርስዎ በየትኛው ሃይማኖት ነው የሚጾሙት?" አልኳቸው።

"በእግረኛ" አሉኝ። "ያ ቤት እንጀራ አያልቅበትም ብለህ ነው?"

ከዚያ በኋላ እኔም ጾመኛ ሆንኩ።

ርዕሰ መምህሮች መጡ፣ ሄዱ። አንደኛው ቀለም ይወድ ነበር፤ በእሱ ዘመን አጥሩ ሦስት ጊዜ ተቀባ። ሁለተኛው ስብሰባ ይወድ ነበር። ሦስተኛው አቶ ግርማ ቁጥር ይወድ ነበር፤ ከእኔ ጋር የተግባባነውም የተጎዳነውም በዚሁ ነው። ኦቦ ኢተፋ ዳሌያቸውን አሟቸው ቤት ሲውሉ መዝገቡ ለእኔ ቀረ። እርሳሱንም ሰጥተውኛል። አልዋሽም፣ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመርኩ። ለኢንስፔክሽን ያምራል።

ኩመሺ የጊንጪ መንገድ ልጅ ነበረች። ቤታቸው ከጊንጪ ወደ ጭልሞ ጫካ በኩል ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አባቷ ሞቷል፤ ያሳደገቻት እናቷ አዴ ወርቄ ናት። ዘጠነኛ ክፍል የመዘገብኳት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ስትደርስ ከክፍሏ ሦስተኛ ነበረች፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ስትጠየቅ ቶሎ የማትመልስ።

ያን ዓመት፣ በውቅያ ሰሞን፣ ቀረች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። ወቅቱ የጤፍ ስለሆነ አልደነገጥኩም። ግን ያኔ የማትሪክ ተፈታኞች ምዝገባ ደረሰ። ስምና ፎቶ ተሟልቶ በኮምፒውተር ይላካል፤ አንዴ ከተላከ ተዘጋ። አቶ ግርማ በየሰዓቱ ቢሮዬ ይመጣ ጀመር።

"ጋሽ ደምሴ፣ አንድ ሰው ይጎድላል።"

"አውቃለሁ። ኩመሺ ናት።"

"በመዝገብ ያለ፣ በአካል የሌለ ተማሪ ቢገኝብን ምን እንደሚሉን ታውቃለህ። አምና በሌላ ትምህርት ቤት የሞተ ሰው ተመዝግቦ ተገኝቷል። እኛን በጎሪጥ ነው የሚያዩን። ወይ አምጣት ወይ ቁረጣት።"

ስልኳ አይሠራም። ያን ሰሞን ኔትወርኩ እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል። በማግስቱ የጊንጪ ገበያ ነበር። ሄድኩ። የድሮ ደንበኞቼ አሉ፤ አንዷ ጨው ትሸጣለች፣ አንደኛው ጤፍ ይሰበስባል፣ ሦስተኛው ከጭልሞ በኩል እንጨት ያመጣል። ጨው ሻጯን ጠየቅኳት፦ "የአዴ ወርቄን ልጅ ታውቂያታለሽ?" "ኩመሺን? ተድራለች እኮ" አለችኝ። ጤፍ ሰብሳቢው፣ "ሰምቻለሁ፣ ተድራለች" አለ። ባለ እንጨቱ፣ "እንዴት ሳትሰማ ቀረህ? ትምህርቷን ትታ ገብታለች፣ አይቻታለሁ መንደር ውስጥ" አለ።

ሦስት አፍ።

ፀሐዩ ገና ነበር። ሁለት ሰዓት ወጥቼ ሁለት ሰዓት ብወርድ የመጨረሻው መኪና ያመልጠኛል፤ ጊንጪ ማደር ነው። ጉልበቴ አለ፣ አቶ ግርማ አለ፣ ነገ ሊስቱ ይዘጋል። ምክንያት ሲፈለግ እንደ ገበያ ቀን አህያ ነው፤ የትም ይገኛል። ወደ አምቦ ተመለስኩ። በጠዋት መዝገቡን ገለጥኩና በእስክሪብቶ ሰረዝኳት። ከጎኗ "አግብታ ለቀቀች" ብዬ ጻፍኩ። ሊስቱ ሄደ። አቶ ግርማ ቁጥሩ ስለገጠመለት ሻይ ጋበዘኝ፤ ጠጣሁ።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ረቡዕ፣ የቢሮዬ በር ላይ ኩመሺ ቆማለች። ስንቋን ገና ከጀርባዋ አላወረደችም። በእጇ ትንሽ ፖስታ ይዛለች።

"ጋሼ፣ ፎቶዬን አምጥቻለሁ። አራት ነው ያስፈለገው?"

መዝገቡን በክንዴ ሸፈንኩት።

"እማዬ ክምር ላይ ወጥታ ወደቀች፤ እግሯ ተሰበረ። ውቅያውን የሚያነሳ ሰው ስላልነበረ ነው። መልእክት ልልክልዎ ብዬ ኔትወርክ..."

"ተዳረች አሉኝ" አልኳት።

"ማን?"

"አንቺ።"

መጀመሪያ ሳቀች። ከልቧ ሳቀች። "እማዬ ናት እንደሱ የምታስወራው! አምቦ ብቻዬን ቤት ተከራይቼ ስለምኖር፣ ጎረምሳው እንዳይመኘኝ፣ ጠላፊም እንዳያስብ፣ 'የሰው ናት፣ ታጭታለች' ብላ ለጎረቤታችን ነገረቻት። ለጨው ሻጯ። ለእሷ ከነገሩ ለሁሉም ነው። የኛ አገር እናት ሁሉ እንደዚያ ነው የምታደርገው፣ አያውቁም እንዴ?"

አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት በገበያው ውስጥ ኖሬ፣ እናቶች ልጃቸውን በወሬ እንደሚያጥሩ የነገረኝ የለም። ነጋዴው ገበያ ላይ ስለ ልጅ ሲጠይቅ ማን እውነቱን ይነግረዋል? ሦስቱም አፍ የጠጣው ከአንድ ምንጭ ነው። አዴ ወርቄ የሸጠችው "ታጭታለች" የሚል ወሬ ነው፤ ገበያው ላይ ደርሶ "ተድራለች" ሆነ፤ እኔም እንደ በቆሎው በጥርሴ ሳልፈትነው ገዛሁት።

ሳቋ የቆመው ፊቴን ስታይ ነው። ፖስታውን ወደ ደረቷ መለሰችው። "ሊስቱ ሄዷል?" አለች።

አራት ቀን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ላይ። አንድ ወጣት ሠራተኛ አዘነልኝና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። "አባባ፣ እኔ ጨካኝ ሆኜ አይደለም። ይኸው፣ ይንኩት፤ አይከፍትም።" በአውራ ጣቴ ነካሁት። አልከፈተም።

ከዚያ ኦቦ ኢተፋ ቤት ሄድኩ። አልጋ ላይ ናቸው። ነገርኳቸው። ስጨርስ፣

"ቤቷ ሄድክ?" አሉኝ።

"ጊንጪ ገበያ ሄጄ ነበር።"

"ቤቷ ነው ያልኩህ።"

"አልሄድኩም።"

"እንግዲያው አሁን ሂድ" አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሄድኩ። አዴ ወርቄ እግሯ በሸምበቆ ታስሮ፣ ደጃፉ ላይ ከለቀማ የተረፈ ምስር ታበጥራለች። የተነጋገርነው በኦሮምኛ ነው። ውኃ አስቀረበችልኝ፤ ጾም ነኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም።

"ኦቦ ደምሴ፣ በቀደም ገበያ ላይ ስለ ልጄ ሲጠይቁ ነበር አሉ።"

"አዎ።"

"ጊንጪ ድረስ መጥተው እዚህ አልደረሱም።"

"አልደረስኩም።"

"ነጋዴ ነበሩ አይደል? ጤፉን ሳያዩ በወሬ ገዝተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"የእኔን ልጅ ግን በወሬ ሸጡ።"

ሰፌዱን አስቀመጠች። ከዚያ የነገረችኝ ነገር እኔ ያላሰብኩት ነው። አንድ ዓመት ነው የጠፋው ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ዓመት ደግሞ ይመጣል። "ያን ወሬ የሰፋሁት በልክ ነው" አለችኝ። "ለሰኔ ነው የሰፋሁት። ሰኔ ትፈተናለች፣ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ወሬው በዚያው ያልቃል። አሁን ለሌላ ዓመት ከየት ጨርቅ አምጥቼ ልቀጥለው? ሰው እጮኛው የታለ ይላል። ለበዓል ለምን አልመጣም ይላል። አጎቷ ከአሁኑ ጀምሮታል፤ 'የእናንተው ካልመጣ እኔ የማውቀው ልጅ አለ' ብሎኛል። አባቷ የለም። እሱ ከቆረጠ ቆረጠ ነው።"

"እንግዲህ ማል ጎና?" አልኳት። ምን ይሻላል ማለቴ ነው።

"ማል ጎና ይሉኛል እንዴ? ወሬውን ያበላሹት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይቀጥሉት። የእኔን ገበያው ሰምቶ ጨርሶታል፤ የእርስዎን ግን ያምናል።"

እንዲህ ሆኖ ነው፣ የሰው ስም በትክክል ለመጻፍ የተቀጠርኩ ሰው፣ ጭራሽ ያልተፈጠረ እጮኛ ማሳደግ የጀመርኩት። በሚቀጥለው ገበያ ጨው ሻጯ ጋ ሄጄ ሳልጠየቅ ነገርኳት፦ "ተድራለች ያላችሁኝ ሐሰት ነው። ታጭታለች እንጂ አልተዳረችም። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ባኮ ነው የሚሠራው። ትምህርቷን ሳትጨርስ አልወስዳትም ብሏል።" ሌላ ምንም አልጨመርኩም። የቀረውን ገበያው ጨመረ። እኔ ቁመት አልሰጠሁትም፤ እነሱ ረጅም አደረጉት። ፋሲካ ሳይደርስ ሞተር ሳይክል ገዛ። ክረምት ላይ አንዱ ጤፍ ሰብሳቢ፣ "ያ የናንተ ልጅ ጉደር ላይ አልፎኝ ሄደ፤ ሰላምታ እንኳ አያውቅም" ብሎ ስሞታ ነገረኝ። ይቅርታ ጠየቅኩለት።

ለኦቦ ኢተፋ ነገርኳቸው። ውሸት አይወዱም።

"መዝገቡ ላይ ጽፈኸዋል?"

"አልጻፍኩም።"

"እንግዲያው የመዝገብ ቤት ጉዳይ አይደለም" አሉ።

ኩመሺ መስከረም ላይ እንደገና አሥራ ሁለተኛ ገባች። ከእሷ በታች የነበሩ ልጆች መሃል ተቀመጠች። ስሟን በእርሳስ ጻፍኩ። ታኅሣሥ ላይ የተፈታኞች ምዝገባ ሲመጣ ፎቶዋን ራሴ ይዤ ሄጄ፣ ስክሪኑ ላይ ስሟን እስካይ ከወንበሬ አልተነሳሁም። አቶ ግርማ፣ "ጋሽ ደምሴ፣ ሌሎቹም እኮ ልጆች ናቸው" አለኝ።

ሚያዝያ ላይ አጎትየው ትምህርት ቤት መጣ። ጋቢውን እንዳጣፋ ቆሞ አካም ጂርታ ተባባልን፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ተጠያየቅን፤ ከዚያ፣

"ይሄ የባኮው ልጅ የማን ልጅ ነው?" አለኝ።

ገበያው ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። በኛ አገር ለጋብቻ ሞተር ሳይክል አይበቃም፤ ጎሳ ይቆጠራል፣ የአባት አባት ይጠራል። እኔ ደግሞ አያት አልሠራሁለትም።

"ኦቦ፣ እኔ መዝጋቢ ነኝ። የተማሪ አባት እንጂ የሙሽራ አባት አልመዘግብም። እናቷን ይጠይቁ።"

"እናቷ ናት ወደ አንተ የላከችኝ።"

ተያየን። ያወቀ መሰለኝ። "እስከ ሰኔ ይታገሡ" አልኩት። "ከዚያ በኋላ የሚሉትን ይበሉ፤ እኔም አልከራከርዎትም።" ጋቢውን አስተካክሎ፣ "እስከ ሰኔ" ብሎ ወጣ።

ሰኔ መጣ፤ ፈተናው አልመጣም። ያ ዓመት ሁሉ ነገር የተለወጠበት ነው። ተማሪው በየትምህርት ቤቱ መፈተኑ ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ እያደረ ይፈተናል ተባለ፤ ጊዜውም ከክረምቱ ማዶ ተገፋ። የእጮኛውን ዕድሜ አራት ወር ቀጠልንለት። ጊንጪ በሄድኩ ቁጥር አጎትየው ከሩቅ ያየኛል፤ አንዴ ጣቱን አነሳ፣ ከሰኔ ወዲህ ያለፈውን ወር መቁጠሩ ነው። አዴ ወርቄ ክረምቱን እንዴት እንደያዘችው አላውቅም። አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኳትም። ብቻ ያዘችው። በመከር መግቢያ ኩመሺ ከጓደኞቿ ጋር አውቶቡስ ተሳፍራ ለፈተናው ሄደች።

ውጤት በመጣ ቀን ቢሮ መጣች። ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ቁጥሩን አየሁት።

"ወደቅኩ፣ ጋሼ" አለች። "ግን ፈተናው ላይ ተቀምጬ ነው የወደቅኩት።"

ያን ዓመት ያለፈው ጥቂት ነው፤ ከኛ ትምህርት ቤት ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ወድቀዋል። ሰው ይህን ይነግረኛል፣ ለማጽናናት። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የምቆጥረው። ከእሷ ጋር ዘጠነኛ የገቡት፣ በውጤት ከኋላዋ የነበሩት፣ አምና በቀድሞው ፈተና ተፈትነው ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። የወሰድኩባት ዓመት አይደለም። ፈተናውን ነው የቀየርኩባት። ይህንን ሂሳብ በየትኛውም መንገድ ብደረድረው፣ በፊደልም ሆነ በመንገድ፣ መልሱ አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱም ተለወጠ። ፈተናው ከከበደ ወዲህ ወንዶቹ አሥራ አንደኛን ሳይጨርሱ ባጃጅ ላይ ይወጣሉ፤ አሁን ከክፍሉ የሚበዛው ሴት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሁለት የነበረው አንድ ሆነ። ምዝገባው በታብሌት ነው፤ መዝገብ ቤቱን የተረከበችኝ ልጅ ጎበዝ ናት፣ እኔ በሳምንት የምሠራውን በአንድ ጠዋት ትጨርሳለች። ኦቦ ኢተፋ ባለፈው ዓመት አረፉ። ቀብራቸው ላይ የቆመውን ሰው ስቆጥር ተያዝኩ፤ ባለቤቴ በክርኗ ወጋችኝ።

ባለፈው ወር መናኸሪያ ቆሜ ኩመሺን አየኋት። ኮሌጅ ገብታ ፋርማሲ ተምራለች፤ ጊንጪ መድኃኒት ቤት ልምምድ ላይ ናት። አላገባችም። እጮኛው ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ሰው ሲረሳው እንደቀረ ገምቻለሁ። ሻይ ይዘን ቁጭ አልን፤ ማለቴ እሷ ቁጭ አለች፣ እኔ ቆሜ ነበር። ለዓመታት ስሸከመው የኖርኩት ነገር ከአፌ አመለጠኝ።

"አንድ ዓመት ቀድመሽ ብትፈተኚ ታልፊ ነበር።"

"አይታወቅም፣ ጋሼ።"

"ይታወቃል።"

"አይታወቅም። እርስዎ ያልታወቀ ነገር መመዝገብ መቼ ነው የሚተዉት?" ሻይዋን ጨረሰች። "ይልቅ ትንሿ እህቴ ዘንድሮ ዘጠነኛ ትገባለች። እማዬ ይምጡ ብላለች።"

"እኔ እኮ አሁን መዝጋቢ አይደለሁም። አዲሷ መዝጋቢ ጋ ትሂድ፣ በአምስት ደቂቃ..."

"መዝጋቢ ጥሪልኝ አላለችም። እርስዎን ነው ያለችው።"

በማግስቱ ወጣሁ። ከጊንጪ ሁለት ሰዓት የነበረው መንገድ ለእኔ ጉልበት ሦስት ሆኗል። አዴ ወርቄ እግሯ ድኗል፣ ትንሽ ያነክሳታል። ልጅቷን ጠርታ ፊት ለፊቴ አቆመቻት፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ፀጉሯ አዲስ የተሠራ፣ እጇን ከኋላዋ የያዘች። ለአዲሷ መዝጋቢ የማደርስላትን ወረቀት ዘረጋሁ። እናትየዋ ወረቀቱን አላየችም፤ ልጅቷን ነው ያየችው።

"ይሄ ሰውዬ የሚጠይቅሽን ሁሉ እውነቱን ንገሪው" አለቻት። "ለሌላው እኔ እነግራለሁ።"